የገርጂ ጉርጥ ለሐረና ጉርጥ ምስክር አይሆንም

«ጉርጥ ሊጠፋ ነው ይላሉ፤ እኛ ሰፈር ግን ክረምት ከገባ ጀምሮ ጩኸታቸው አላስተኛንም!» ስለ ባሌ ተራሮች ጉርጦች ዜና በተነገረ ቁጥር በአዲስ አበባ ከገርጂ እስከ አያት የሚሰማው መልስ ይኸው ነው። ከዚያም አልፎ «ወሬው ፈጠራ ነው» ብሎ የሚደመድም አለ። ስህተት ነው።

በቦሌ ቦዮችና ኩሬዎች የምናየው ተራ ጉርጥ የታቆረ ውሃ ካገኘ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል እንደ ክር አስረዝሞ ይጥላል። አብዛኛው ቢያልቅም የሚተርፈው ይበቃዋል። እሱን እዚህ ላይ እንተወው። ዜናው የሚያወራው ከኢትዮጵያ በቀር የትም ስለማይገኝ፣ ሁለት ዝርያዎች ብቻ ስላሉት ወገን ነው።

አንደኛው አልቲፍሪኖይደስ ኦስጉዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ኢትዮጵያን ባሰሰው አሜሪካዊ ተመራማሪ በዊልፍሬድ ኦስጉድ ስም የተሰየመው በ1932 ነው። (በቆዩ ጽሑፎች ስፒኖፍሪኖይደስ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ሌላ እንስሳ አይምሰላችሁ።) ቤቱ በባሌ ተራሮች ያለውን ሐረናን የመሰለ ርጥብ የተራራ ደን ነው። ሁለተኛው፣ አልቲፍሪኖይደስ ማልኮልሚ፣ ከደኑ በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አስታ በሚባለው ቁጥቋጦ ሥርና በሣሩ ውስጥ ይኖራል። በ1978 ስም ያወጣችለት አሊስ ግራንዲሰን ናት።

የማልኮልሚ አረባብ አስደናቂ ነው። በአብዛኞቹ ጉርጦች ዘንድ ሴቷ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ስትጥል ወንዱ ከጀርባዋ ተጣብቆ ዘሩን ከላይ ያፈስሳል። ማልኮልሚ ግን ሆድ ለሆድ ተቃቅፎ፣ የመራቢያ ቀዳዳን ከመራቢያ ቀዳዳ ገጥሞ፣ እንቁላሉን ገና በሴቷ ሆድ ሳለ ያዳቅላል። ከዚያ ሴቶቹ ተሰብስበው ጥቂት፣ ግን ትልልቅ እንቁላሎችን በራሰ መሬት ላይ አንድ ላይ ይጥላሉ። የሚፈለፈለው ባለጭራ እጭ አይዋኝም፤ አይበላምም። እናቱ በእንቁላሉ ውስጥ የቋጠረችለትን ስንቅ እየጨረሰ እግር ያወጣና ጉርጥ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ኩሬ ሳይሆን የማይደርቅ ሣርና አፈር ነው። ከብት መሬቱን ሲረግጠውና ሲያጠነክረው፣ አስታው ሲቃጠል፣ እርጥበቱ ያልቃል፤ እንቁላሉም አብሮ ይደርቃል።

ኦስጉዲ ግን እንደ ሌሎቹ ጉርጦች እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ እጩም ይዋኛል። ማልኮልሚ ቁጥሩ ቢመናመንም ዛሬም ይገኛል። ኦስጉዲን ግን ተመራማሪዎች በቀድሞ ቦታዎቹ ቢፈልጉትም ከ20 ዓመት በላይ አላገኙትም።

እዚህ ላይ ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ ይነሳል። ዘሩ ጭራ አለው፤ በውሃ ውስጥ እየዋኘ የእንቁራሪትና የጉርጥ ቆዳ ላይ ይሰፍራል። እነዚህ እንስሳት ውሃና ጨው በቆዳቸው ስለሚያስገቡ፣ ቆዳው ሲታመም በደማቸው ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። ፈንገሱ በባሌም ተገኝቷል። ታዲያ ኦስጉዲን የጨረሰው በውሃ የሚመጣው ፈንገስ ነው? ሐሳቡ ይማርካል፤ እኔንም ይማርከኛል። ነገር ግን ሁለት ዝርያ አነጻጽሮ ምክንያትን መወሰን አይቻልም፤ በነዚሁ ዓመታት ደኑ ተመንጥሯል፣ ሰፈራና ግጦሽም ገብቶበታል። በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ፈንገሱ 501 ዝርያዎችን አመናምኗል፣ ከነሱም 90ውን አጥፍቷል ሲል፣ ሌሎች ባለሙያዎች ማስረጃው ለብዙዎቹ አይበቃም ብለው ተከራክረውታል። «አልታየም» ማለትም «ጠፋ» ማለት አይደለም፤ በጭጋግና በሙጃ ውስጥ ጥቂት ሳንቲሜትር የሚያህል ጉርጥ መፈለግ ከባድ ነው።

ስለዚህ የገርጂው ጩኸት ምንም አያረጋግጥም። እንዲያውም ፈንገሱን ተሸክመው ምንም ሳይሆኑ የሚኖሩ ዝርያዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው፤ ጤነኛ የሚመስል ጉርጥ መብዛቱ ፈንገሱ የለም አያሰኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ለእግር ጉዞ የሚሄድ ሰው ፈንገሱን ይዞ እንዳይሄድ የጫማውን ጭቃ ከመነሳቱ በፊት አጥቦ ሙሉ በሙሉ ያድርቅ። ፈንገሱ ድርቀትን አይችልም።