ከዶራ ወደ ጎንደር፦ አዲስ የፋይል መጠቅለያ ያስፈልጋል?

በናታንያ ዶራ ሰፈር የሚኖር ልጅ ጎንደር ለቀሩት አጎቱ የቤተሰብ ሰነድ በኮምፒዩተር ሊልክ ፈለገ እንበል። ፋይሉን ከዚፕ የበለጠ የሚያሳንስ አዲስ ዘዴ ቢፈጠር ይጠቅመዋል?

የጥበቡ ምንጭ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሐይፋ፣ ቴክኒዮን ነው። ፕሮፌሰር ያዕቆብ ዚቭና ፕሮፌሰር አብርሃም ሌምፔል እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ የተደጋገመን ቃል እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ቀድሞ የተጻፈበትን ቦታ መጠቆም እንደሚበቃ አሳዩ። በ1989 የወጣው ዚፕም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። አማርኛችንም ተጠቅሟል፤ ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ ነው፤ ዚፕ ይህን ሸክም ብዙ ያቃልላል።

አዲሱ ዘዴ ትንሽ ቢያሳንስም፣ አጎትየው መክፈቻው ፕሮግራም ከሌላቸው ሰነዱ ቁልፉ እንደጠፋ ሣጥን ነው። ለቤተሰብ አያዋጣም እላለሁ። ጠቅላዩም ከፋቹም አንድ በሆነበት ትልቅ መዝገብ ቤት ግን ያዋጣ ይሆናል።