ለሐይቅና ለአምባሰል ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውና ጥበቃው

በደቡብ ወሎ ዞን የሐይቅ ከተማና የአምባሰል ወረዳ ተማሪዎች፣ እንደሌሎች የአገሪቱ ተማሪዎች ሁሉ፣ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡት በአብዛኛው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው።

እንደ ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ያሉ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቾችን ከፈተና በተጨማሪ በቃለ መጠይቅ ይመዝናሉ። በኢትዮጵያ ግን ተማሪው የሚፈልጋቸውን ተቋማት በቅደም ተከተል ከሞላ በኋላ፣ ምደባው ውጤቱን፣ ምርጫውንና የተቋማቱን የመቀበል አቅም መሠረት በማድረግ ይከናወናል።

አሠራሩ ለብዙ መቶ ሺህ ተፈታኞች አንድ ዓይነት መለኪያ ለማዋል ያስችላል። ይሁንና ተማሪው የደረሰበትን ችግር በቃለ መጠይቅ የሚያስረዳበት መድረክ የለውም።

ይህም በ2014 ዓ.ም በግልጽ ታይቷል። ብሔራዊ ፈተናው ጥቅምት 29 ቀን ሲጀመር አካባቢው በጦርነት ውስጥ ስለነበር፣ ደቡብ ወሎን ጨምሮ በጦርነት ቀጣና የነበሩ ተማሪዎች ከሁለት ወራት በላይ ጠብቀው በጥር ወር በሁለተኛ ዙር ተፈትነዋል። ትምህርታቸው የተቋረጠበትና በሥጋት ያሳለፉት ጊዜ ግን በውጤት መግለጫው ላይ አይነበብም።

ከቀጣዩ ዙር ተፈታኞች ጀምሮ የማለፊያ ነጥብ 50 በመቶ ሲሆን፣ በዚያው ዙር ይህን ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለማለፊያው ከተቃረቡት መካከል የተመረጡት በ2015 ዓ.ም በተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ሁለተኛ ዕድል አግኝተዋል።