ጫካው በተራ ሲያብብ፦ የሸካ ዛፎች፣ ንቦችና ሰዎች

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸካ ዞን ማሻ ከተማ ዙሪያ የሚገኙ የጫካ ዳር መንደሮች የዓመቱን ወቅቶች የሚለዩት በዝናብና በፀሐይ ብቻ ሳይሆን በዛፍ አበባም ጭምር ነው። የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ያወቀ ሰው ቀፎውን መቼ እንደሚሰቅል፣ ማሩንም መቼ እንደሚቆርጥ ያውቃል።

የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጎረቤቱ የካፋ ደን ደግሞ ይህን ዕውቅና ያገኘው ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ደኑ ዛፎች ብቻ የቆሙበት ስፍራ አይደለም፤ ሰዎች ለትውልዶች ማር፣ ቡናና ቅመም ሲሰበስቡበት የኖረ ጫካ ነው።

የማያቋርጥ የአበባ ሰንሰለት

ክረምቱ ሲወጣ ዋንዛ ነጭ አበባውን ይዘረጋል። በበጋው ወራት ግራዋ ይከተላል። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል፣ በድርቁ ወቅት እምቡጡን አዘጋጅቶ የቆየው ቡና በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ጫካውን በነጭ አበባና በመዓዛ ይሞላዋል። የቡና አበባ ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ቀጥሎ የጌተም ተራ ይሆናል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ብሳና ያብባል።

ለንቦች ወሳኙ ነገር ይህ ተከታታይነት ነው። ንብ ብዙውን ጊዜ ምግቧን የምትፈልገው ከቀፎዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። በዚያ ክልል የአንዱ ዛፍ አበባ ረግፎ ሌላው ሳያብብ ከቆየ፣ የንቡ መንጋ ያጠራቀመውን ማር ይበላል፤ ይዳከማል፤ አንዳንዴም ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል።

ነጩ ማር

ነጭ ማር ሲባል በውጭ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በቅድሚያ የሚያስታውሱት ትግራይን ነው። የደቡብ ምዕራቡ ነጭ ማር ግን በአብዛኛው ከጌተም አበባ የሚገኝ ነው። የማር ቀለም የሚወሰነው በአበባው የጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ ባሉት ማዕድናትና የዕፅዋት ውሁዶች መጠን ነው፤ እነዚህ ሲያንሱ ማሩ ይነጣል። ግሉኮስ የበዛበት ማር ደግሞ ቶሎ ይረጋል፤ ሲረጋ የሚፈጠሩት ደቃቅ ቅንጣቶች ብርሃንን ስለሚበትኑ ይበልጥ ነጭ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ማር መርጋቱ ብቻውን ስኳር እንደተቀላቀለበት ማረጋገጫ አይሆንም።

በዛፍ ላይ የሚበቅል ዛፍ

ጌተም ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በመሬት ላይ ሳይሆን በሌላ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ወፎች የጣሉት ዘር በሽበት በተሸፈነ የአሮጌ ዛፍ ጉጥ ውስጥ ይበቅላል፤ ከዚያም ሥሩን ወደ መሬት ይሰድዳል። በመሆኑም አንድ አሮጌ ዛፍ ሲቆረጥ የሚጠፋው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ነገ የነጭ ማር ምንጭ የሚሆነው ጌተም የሚበቅልበት ስፍራም አብሮ ይጠፋል።

ይህን ዛፍ ለመጠበቅ የሸካ ሕዝብ «ኮቦ» የተሰኘ ባህላዊ ሥርዓት ነበረው። በዚህ ሥርዓት አንድ ቤተሰብ ወሰኑ በታወቀ የጫካ ክፍል ቀፎ የመስቀል መብት ይኖረዋል፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ኮቦ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ፤ ሆኖም በበርካታ መንደሮች በጎረቤታሞች ስምምነት ዘልቋል። የኋላ ኋላ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም የአካባቢውን ሰው ወደ ጠባቂነቱ ለመመለስ የሚሞክር ነው።

ቡናና ጫካ

ዛሬ በደኑ ላይ ከሚደርሱት ጫናዎች አንዱ የሚመጣው ከቡና ነው። ምርት ለመጨመር ሲባል ከቡናው በላይ ያሉት ዛፎች ይሳሳሉ፤ ከሥር የሚበቅሉት ችግኞችም በየዓመቱ ይመነጠራሉ። ትልልቆቹ ዛፎች ለጥላ ስለሚተዉ ጫካው ከሩቅ ሲታይ ያለ ይመስላል። እነርሱ አርጅተው ሲወድቁ ግን የሚተካቸው የለም፤ የአበባው ሰንሰለትም ቀስ በቀስ ይበጠሳል።

ጉዳቱ ተመልሶ ቡናውን ያገኘዋል። የአረቢካ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም በንቦች ሲጎበኝ የተሻለ ያፈራል። በኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የንብ ዝርያዎች ጥቂት በሆኑባቸው የቡና እርሻዎች ፍሬ የያዘው አበባ 60 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ዝርያዎቹ በበዙባቸው ግን ወደ 90 በመቶ ደርሷል።

ለዚህም ነው በጫካ ዳር የሚኖር ገበሬ ስለ አንድ ዛፍ የሚወስነው ውሳኔ ከአንድ ዛፍ በላይ የሚሆነው። ጌተሙን ከነተሸካሚው ዛፍ የተወ ገበሬ ማሩን ብቻ ሳይሆን ቡናው ሲያብብ የሚደርሱለትን ንቦችም አቆይቷል። ከዚህ ዛፍ የሚገኘው ማር ተገቢ ዋጋ ካላወጣ ግን፣ ዛፉን የመጠበቁ ወጪ የሚወድቀው በመንደሩ ላይ ብቻ ይሆናል።