ጓዝ በጀልባ፣ ሰው በሳይክል

መንዝ ውስጥ ጓሳ ላይ ለእግር ጉዞ የሚመጣ እንግዳ ሲኖር መጀመሪያ የሚፈለገው በቅሎ ነው። ድንኳኑ፣ ባናው፣ ድስቱ፣ ሽንኩርቱ ሳይቀር ይጫንና ጫኚው በአቋራጭ ይሄዳል። እንግዳው ደግሞ ከአስጎብኚው ጋር ሆኖ የገደሉን አፋፍ ይዞ ይጓዛል። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲነጭ ቆሞ ያያል፤ ከቀናው ቀይ ቀበሮ አይጥ ላይ ስታደባ ይደርስባታል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሲደርስ ጓዙ ቀድሞት ወርዷል፣ ሻዩም ፈልቷል። እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት በዚህ ሥራ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሆላንዳዊ እንግዳ በሜዲትራኒያን ደሴቶች መካከል በሳይክልና በመርከብ ስላደረገው ሽርሽር ሲያጫውተኝ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። መርከቧ በቅሎዋ ናት፤ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክሮኤሺያ የዳልማቲያ ጠረፍ ወይም በግሪክ ደሴቶች ሃያ ሠላሳ ሰው የምትይዝ መርከብ ለሳምንት ያህል ትያዛለች። ተጓዡ የሚያድረውም፣ ቁርስ የሚበላውም እዚያው ነው። ሳይክሎቹ ላይኛው ወለል ላይ ከአጥሩ ብረት ጋር ታስረው ይቆማሉ። ጠዋት አንድ ወደብ ላይ ይወርዳሉ፤ ሳይክለኛው ሠላሳ አርባ ኪሎ ሜትር ነድቶ ደሴቲቱን ያቋርጥና በወዲያኛው በኩል ሲደርስ መርከቧ ዞራ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሻንጣ መሸከም የለም፤ በየምሽቱ አልጋ መፈለግ የለም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሄዱበት መመለስ የለም። ሳይክል ለሚነዳ ሰው የቀኑን ደስታ ግማሹን የሚበላው ያው የመልስ መንገድ ነውና።

ደሴት ሲባል ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ብራች በምትባለው ደሴት ላይ ያለው የቪዶቫ ጎራ ተራራ ከባሕሩ ወለል ወደ 780 ሜትር ይነሳል። አሁን አሁን በባትሪ የሚታገዝ ሳይክል የበዛውም ለዚሁ ነው። ጎረቤቷ ሕቫር ላይ ደግሞ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ካብ የከፋፈሉት ሜዳ አለ፤ ዛሬም ወይንና ወይራ ይመረትበታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በመኪና ሽው ብሎ ለሚያልፍ ሰው ያ ሁሉ ድንጋይ ነው። በሳይክል ሲሆን ግን የማን ማሳ ከማን ማሳ እንደሚዋሰን፣ ካቡ የት ላይ እንደተጠገነ ይታያል።

እንግዳዬ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ሐሳቤ ወደ ጣና ሄደ። ባሕር የለንም እያሉ መተከዝ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ርዝመቱ ከ80፣ ወርዱ ከ60 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ፣ 37 ደሴቶች እንዳሉት የሚነገርለት ሐይቅ ይዘን ስለ ደሴት ሽርሽር ከሰው አገር ብቻ መስማት ትንሽ ያሳፍራል። ለኛ ለመንዞች ደግሞ ጣና ሩቅ ነው። ከጓሳ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ ከፊሉ በወንጪትና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ የሚገባው ግን ዓባይ ከጣና ወጥቶ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው። ውኃችን ያላየውን ሐይቅ እኛ ሄደን ማየት አለብን። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሆነን ጥር ላይ ወደ ባሕር ዳር የወረድነው ለዚህ ነበር።

«ወረድን» ያልኩት በደንብ ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና 1,800 አካባቢ። ብርድ ለምዶ ያደገ ሳንባ እዚያ ሲደርስ አየሩ ይበዛበታል። ሙቀቱን ካልቆጠርነው በስተቀር ፔዳል መምታት ቀልድ ሆነብን።

ባሕር ዳር ደግሞ ሳይክል ብርቅ የሆነባት ከተማ አይደለችም። ተማሪው፣ አናጺው፣ ዳቦ አመላላሹ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሽማግሌ ሁሉ በሳይክል ነው። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ የዘንባባው ጥላም ያግዛል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት ሲኖረው ለሳይክል የራሱ መስመር ተሠርቶለታል። የሚከራይ ሳይክል ማግኘት አይቸግርም። የሚቸግረው ደኅና ሳይክል ማግኘት ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ፍሬኑን ያዝ አድርጉት፣ ካቴናውን አሽከርክሩት፣ ኮርቻውንም በቁመታችሁ አስተካክሉ። መንፊያና ትርፍ ከለመዳሪ ሳይዙ ከከተማ መውጣት አይመከርም።

የኛ ዕቅድ ቀላል ነበር፤ ወደ ዘጌ በሳይክል ሄዶ በጀልባ መመለስ። ዘጌ ደሴት አይደለችም፤ ወደ ሐይቁ የገባች ልሳነ ምድር ናት። ከባሕር ዳር በስተምዕራብ የሚወጣው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ግራና ቀኙ የጤፍና የዳጉሳ ማሳ ነው፤ ጥር ላይ ሰብሉ ተሰብስቦ ገለባው ተከምሯል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እንዲህ ሲያንገላታን ቆይቶ መንገዱ ድንገት ጫካ ውስጥ ገባ፤ ቅዝቃዜው ፊትን ሲነካው በር የተከፈተ ይመስላል። ጫካው ቡና ነው። ረጃጅሙ ዛፍ ከላይ ያጠላል፣ ቡናው ከሥር ይለቀማል፣ በየግቢው ጌሾ አለ።

ጫካው እንዲህ የተረፈው በሥርዓት ነው። ዘጌዎች እንደሚሉት አቡነ በትረ ማርያም መቋሚያቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ምድር ላይ በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት ተከለከለ። ታሪኩን እንደፈለጋችሁ ተርጉሙት፤ ውጤቱን ግን በሳይክል ገብቶ ያየ ሰው አይጠራጠርም። ለኔ ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ጓሳን ያቆየውም የቀደምት አባቶቻችን የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያጸኑት የቄሮ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ በአንድ ቀን ተከፍቶ በጋራ ይታጨዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩም ተጎዳ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ተሰብስቦ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ እንግዳ የሚያርፍበትን ቤት የሚያስተዳድረውም ማኅበረሰቡ ነው፤ በቅሎ የሚጭኑትም በተራ ይወጣሉ። ዘጌ ላይ የሳይክል ማሳደሪያና የቡና ማረፊያ በዚህ መልክ ቢደራጅ ገንዘቡ ጫካውን ለሚጠብቀው ሰው ይደርሳል ብዬ አስባለሁ። አሁን አብዛኛው ጎብኚ በጀልባ መጥቶ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና የመቅደሷን የግድግዳ ሥዕል አይቶ፣ እዚያው መንገድ ላይ ከተደረደሩት ሻጮች አንድ ትንሽ የታንኳ አምሳያ ለመታሰቢያ ገዝቶ ይመለሳል። በየብስ የመጣ ግን መንደር ውስጥ ውኃ ይለምናል፣ ቡና ይጠራል፣ ያወራል።

መልሱ ላይ ከጀልባው ሰው ጋር ክርክር ገጠምን። «ሳይክሎቹም እንደ ሰው ይከፍላሉ» አለ።

«ጋሼ፣ ወንበር አይዙ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት አይለብሱ!» አልኩት።

«ጃኬት ባይለብሱም እግራቸውን ዘርግተው ነው የሚተኙት፣ እህቴ።»

እውነቱን ነው። ተሳስቀን በግማሽ ተስማማን። አጫጫኑን ግን ልብ ብዬ ያየሁት እዚያ ነው። የፊት ጎማው ይፈታል። መሪው ወደ ጎን ይጠመዘዛል። ሁለቱ ሳይክሎች ጀርባና ጀርባ ሆነው ከጀልባዋ አፍንጫ በኩል ይጋደማሉ፤ በገመድ ሳይሆን በተቀደደ ከለመዳሪ ይታሰራሉ፤ ምክንያቱም ማዕበል ሲመታ ጎማው ይለጠጣል እንጂ እንደ ገመድ አይላላም። ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት፤ እሱም በፌስታል ይጠቀለላል፤ አለበለዚያ አጠገቡ የተቀመጠች እናት ነጠላዋ በግራሶ ይበላሻል። በአንድ ነገር ከሜዲትራኒያን እንበልጣለን፤ ጣና ጨው የለውም። እንግዳዬ በየማታው ካቴናውን በንጹሕ ውኃ እያጠበ ዘይት ይቀባ እንደነበር ነግሮኛል። እኛ የሚያሰጋን ዝገት አይደለም፣ አሸዋ ነው።

ደሴት ሁሉ ለሳይክል ይሆናል ማለት አይደለም። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ከባሕር ዳር ቅርብ ናቸው፤ ትንንሽና ዳገታማ ስለሆኑ በእግር ይበቃሉ። ክብራን ሴት አይገባም። የአጎቴ ልጅ ወጥቶ የብራና መጻሕፍቱን አይቶ እስኪመለስ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቅር ይላል፣ ክልከላ ባለበት አገር ያደገ ሰው ግን ክልከላ ማክበር ይችላል። እንጦስ ላይ እኔም ወጣሁ። ዳጋ እስጢፋኖስም ለሴት ዝግ ነው፤ የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈው እዚያ ነው። አጠገቡ ያለችው ደቅ ግን ሌላ ናት። ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊዋ እሷ ናት፤ ገበሬ አለባት፣ ማሳ አለባት፣ ከመንደር መንደር የሚያገናኝ የእግር መንገድ አለባት። ጫፏ ላይ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ቆሟል፤ ከሥዕሎቹ በአንዱ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ ሴትም ወንድም ይገባል። እንደ ዳልማቲያው ዓይነት ጉዞ ጣና ላይ ይጀመር ቢባል ከአንዱ ዳር ወርዶ በሌላው መሳፈር የሚያምርባት ደቅ ናት።

ጀልባ ደግሞ ከዜሮ አንጀምርም። ለረጅም ዓመታት የሕዝብ ማመላለሻው ጀልባ እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ይነሳ ነበር፤ ዘጌንና ደቅን ነክቶ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ በማግሥቱ ጎርጎራ ይገባ ነበር። ዶሮውም፣ ጤፉም፣ ሳይክሉም አብሮ ይጫን ነበር። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው አዲሷ መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በተሽከርካሪ ተጭና ተራራ ስትወጣ አገሩ ሁሉ በስልኩ ተከታትሏታል። በጎርጎራ በኩል በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት አለ፤ ከሱ ሳይርቅ የደብረ ሲና ማርያም ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ። እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው? በኔ ግምት ትንሽ ነገር ነው፤ ወለሉ ላይ ሳይክል የሚታሰርበት ብረት፣ የማይዛነፍ የመነሻ ሰዓት፣ ባሕር ዳር የተከራዩትን ሳይክል ጎርጎራ ላይ የማስረከብ ውል። ባለ አምስት ኮከብ አልጋ ከዚህ ሁሉ ኋላ ይምጣ።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁለት ሦስት ነገር ይወቅ። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ትንሿን ጀልባ ያንገላታል፤ ስለዚህ ረጅሙ የውኃ ጉዞ በማለዳ፣ ሳይክሉ ከዚያ በኋላ። ጃኬት ሳይለብሱ አለመሳፈር ነው፤ ዋናተኛ ነኝ ማለት አያዋጣም። የእምቦጭ አረም በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ሞተር ስለሚይዝ ጀልባ ነጂው ዞሬ ልሂድ ሲል አትከራከሩት። የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ ከመነሳት በፊት ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ግድ ነው፤ ባለፉት ዓመታት መንገዱ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ጊዜ ነበር።

ጊዜ ለሌለው አጭሩ ጉዞ ጢስ ዓባይ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በትንሽ ጀልባ ይሻገሩታል፤ እንደገና መንገድ። ውኃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ዓመቱን ሙሉ አያገሳም፤ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይሻላል። በመልሱ ጀልባውን ትታችሁ በታች በኩል ከ17ኛው መቶ ዓመት በቆየው የድንጋይ ድልድይ መሻገር ይቻላል፤ ሰው የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። ድልድዩ ጠባብ ነው፣ ቁልቁለቱም ድንጋያማ ስለሆነ ሳይክል አይነዳበትም፤ ተሸክሞ ማለፍ ነው። የመንደሩ ልጆች ልሸከምላችሁ እያሉ ይከብቧችኋል፤ ዋጋቸው ከጀልባው ይበልጣል፣ ለክርክርም ቦታ አይሰጡም።