ከስስ ሽፋን በስተጀርባ

በናይሮቢዋ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ባለመስታወት ቡፌ የሚያማርጥ ገዢ «እውነተኛ እንጨት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ብዙ ጊዜ «አይደለም» ነው፤ ኤምዲኤፍ በተባለ የተጨፈለቀ እንጨት ላይ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ከዚህ ተነስቶ የአናጺነት ሙያ ወደቀ ማለት የተለመደ ሲሆን፣ ለንጽጽር የሚጠራውም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1837–1901) እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው፣ ፊቱ በዝሆን ጥርስና በልዩ ልዩ እንጨት የተለበጠው የጌጥ ዕቃ ማሳያ ነው። ንጽጽሩ ግን የቆመው በተሳሳተ እግር ላይ ነው። ያም ቡፌ በአብዛኛው ሽፋን ነበር። ከዋልነት ወይም ከማሆጋኒ የተሰነጠቀ ስስ ልባጭ ርካሽ እንጨት ላይ ይለጠፋል፤ ጀርባውን ያዞረ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ርካሽ እንጨት ነው።

አበባውና ቅጠሉም አንድ በአንድ የተቀረጸ አልነበረም። የተለያየ ቀለም ያላቸው ስስ ልባጮች ተደራርበው ይታሰራሉ፤ ንድፉ የተሣለበት ወረቀት ከላይ ይለጠፍና እንደ ክር በቀጠነ መጋዝ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይቆረጣሉ። ስለዚህ ከአንድ ቆረጣ ብዙ አበባ ይወጣል፤ የአንዱ ልባጭ ቅጠል በሌላው ልባጭ ክፍተት ልክክ ይላል። የቅጠሉን ጥላ የሚያወጣው ቀለም ሳይሆን የጋለ አሸዋ ነው፤ ጠርዙ አሸዋው ውስጥ ለአፍታ ይነከርና ጠቆር ሲል ይወጣል። ትንሽ ከቆየ ከሰል ይሆናል። ይህን በዓይኑ የሚመዝነው ሠራተኛ ስሙ እምብዛም አልተጻፈም። በ1878 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት ያገኘው «ጁኖ» የተባለው ባለ ዝሆን ጥርስ ቡፌ የሚታወቀው በነዳፊው በብሩስ ታልበርትና በለንደኑ ጃክሰን ኤንድ ግራሃም ድርጅት ስም ነው። ጥርሱን ያቀረቡ አገሮችማ ጨርሶ አይነሱም፤ በዚያ ዘመን ከምሥራቅ አፍሪካ በዛንዚባር በኩል ወደ ለንደን ብዙ የዝሆን ጥርስ ይጫን ነበር። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1989 12 ቶን፣ በ2016 ደግሞ 105 ቶን ጥርስ ናይሮቢ ላይ ካቃጠለች ወዲህ ያንን ጌጥ የሚመኝ ሰው በከብት ወይም በግመል አጥንት መርካት አለበት። ለእኔ ይህ ኪሳራ አይመስለኝም።

«ታዲያ የእንግሊዙ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆም የኢስትሊው በአምስት ዓመት ለምን ያብጣል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሽፋኑ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነገር ነው። የድሮው ሙጫ ከከብት ቆዳና አጥንት ተፈልቶ የሚወጣ ነበር፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል። የተላቀቀው ልባጭ ተነስቶ፣ ተጠርጎ መልሶ ይጣበቃል፤ ማለትም ዕቃው ሲሠራ መጠገኛውም አብሮት ተሠርቷል። ኤምዲኤፍ በአንጻሩ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ነውና ውሃ ከጠጣ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም፤ ብሎን አንዴ ከተነቀለ በዚያው ቀዳዳ ዳግም አጥብቆ አይይዝም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃ መንገድ ላይ በሚተኛበት ሰፈር፣ ምድር ቤት ለሚከራይ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ የአናጺነት ሙያ በአካባቢው የቆየ ነው። ኢስትሊ በቅኝ ግዛት ዘመን በዋናነት የሕንዶች ሰፈር ነበረች፤ ከ1896 እስከ 1901 ለኬንያው የባቡር ሐዲድ ሥራ ወደ 32,000 ሰው ከሕንድ ሲመጣ ከፑንጃብ የመጡ አናጺዎችና አንጥረኞችም ነበሩበት። ዛሬ በአቅራቢያዋ ጊኮምባ ያሉት አናጺዎች አጽሙን ከሳይፕረስ ጣውላ አቁመው፣ እግሩን ከወለል ከፍ አድርገው ፊቱን ብቻ በሽፋን ሊያለብሱ ይችላሉ። ዋጋው ይጨምራል፣ ተከራይ ደግሞ ቤት ይቀያይራል፣ ተፈታትቶ የሚጫን ነው የሚፈልገው ይባላል። እውነት ነው። ግን የኤምዲኤፉ ቡፌ ሁለት ጊዜ ከተፈታ በኋላ ሦስተኛው ቤት ላይ በሩ ገጥሞ የሚዘጋ መሆኑን ሻጩ ዋስትና ይስጥ።