የንግድ ድረ ገጽ ዕቅድ

የንግድ ድረ ገጽ ዕቅድ ማለት አንድ የንግድ ድርጅት ድረ ገጹን ማሠራት ከመጀመሩ በፊት ድረ ገጹ ለምን እንደሚያስፈልገው፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ምን እንደሚይዝና ማን እንደሚከታተለው የሚወስንበት የዝግጅት ሥራ ነው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ገጾች ያሉት ጽሑፍና በእጅ ሊሣል የሚችል ንድፍ ነው። በወረቀት ላይ የታየ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ ድረ ገጹ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተገኘ ስሕተት ግን ገንዘብና ጊዜ ይወስዳል፤ ደንበኛም ያርቃል።

የቡ ዶት ኮም ታሪክ

ዕቅድ ከተጠቃሚው ሁኔታ ሲርቅ የሚደርሰውን ጉዳት ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የቡ ዶት ኮም ነው። መቀመጫው ለንደን የነበረው ይህ የፋሽን ልብስ መሸጫ ድረ ገጽ የመክፈቻ ቀኑ በተደጋጋሚ ከተራዘመ በኋላ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999 ሥራ ጀመረ። ልብሶቹን እያዞሩ ማየት የሚቻልባቸው ሥዕሎችና ገዢውን የምታስተናግድ «ሚስ ቡ» የተባለች በኮምፒዩተር የተሣለች ሻጭ ነበሩት። በዚያን ጊዜ ግን አብዛኛው ሰው ከቤቱ ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልክ መስመር ነበር። በሰከንድ 56 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ሞደም 1 ሜጋባይት ለማውረድ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ገጾቹ ለብዙ ገዢዎች እጅግ ቀርፋፋ ሆኑ። ድርጅቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ተዘጋ። ለውድቀቱ የወጪው ብዛትና በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ሥራ መጀመሩም ምክንያት ሆነዋል።

ዓላማና ተጠቃሚ

የዕቅዱ የመጀመሪያ ጥያቄ ጎብኚው በድረ ገጹ ምን ጉዳይ ይፈጽማል የሚል ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ ድርጅት ሁለት ዓይነት ደንበኞች ሊኖሩት ይችላሉ። አንዷ በከተማው የምትኖርና ወደ ሱቁ ከመሄዷ በፊት ጥለቱንና ዋጋውን በስልኳ ማየት የምትፈልግ ናት። ሌላዋ በዋሽንግተን የምትኖርና የሠርግ ልብስ የምታዝ ናት። ለመጀመሪያዋ ፎቶግራፍ፣ ዋጋ፣ የሱቁ አድራሻና የሥራ ሰዓት ይበቃታል። ሁለተኛዋ ደግሞ ልክ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ልብሱ ተሸምኖና ተሰፍቶ መቼ እንደሚያልቅ፣ የመላኪያውን ወጪ፣ ክፍያው በምን እንደሚፈጸምና ልኩ ባይሆን ምን እንደሚደረግ ማወቅ አለባት። ልብሱ ዘግይቶ ቢደርስ የሠርጉ ቀን አይጠብቅም።

ዓላማው ሊለካ በሚችል መንገድ ይጻፋል። «ብዙ ሰው እንዲያውቀን» የሚለው አይለካም። «ስለ ዋጋ የሚደወሉ ስልኮች በግማሽ እንዲቀንሱ» የሚለው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ መሳካቱ ሊታይ ይችላል።

ይዘትና አወቃቀር

ቀጥሎ የሚያስፈልጉት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ይዘረዘራሉ፤ እያንዳንዱን ማን እንደሚያዘጋጅና መቼ እንደሚያስረክብም ይወሰናል። ይዘት ሳይዘጋጅ መልኩ ቀድሞ ከተሠራ፣ ባዶ ቦታውን ለመሙላት ብቻ የሚጻፉ ጽሑፎች ይበዛሉ።

ይዘቱን ለመመደብ ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ የካርድ ድልደላ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ርእስ ይጻፍና ደንበኞች አብረው ይሄዳሉ የሚሏቸውን እንዲሰበስቡ ይጠየቃሉ። ሻጩ ልብሶቹን በተሠሩበት ጨርቅ ሲለይ፣ ደንበኞቹ ግን «ለሠርግ»፣ «ለጥምቀት»፣ «ለልጆች» እያሉ ሊለዩ ይችላሉ። የድረ ገጹ ማውጫ የደንበኞቹን አከፋፈል ይከተላል።

ፊደልና ሰዓት

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ሊቀመጥና በፍለጋ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም አንዱ «ሠርግ»፣ ሌላው «ሰርግ»፤ አንዱ «ሐበሻ»፣ ሌላው «ሀበሻ» ብሎ ይጽፋል። የመፈለጊያው ሣጥን ሁለቱንም እንዲያገኝ ገና በዕቅዱ መታሰብ አለበት። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለውም ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ሊያሳስት ስለሚችል፣ የኢትዮጵያና የውጭው አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ለማስረከቢያ ቀንም እንዲሁ ይደረጋል።

ባለቤትነትና ሕግ

የድረ ገጽ አድራሻ ስም (ዶሜይን) አጭርና በስልክ ሲነገር በቀላሉ የሚጻፍ ቢሆን ይመረጣል። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፍ ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። ከዚህም በላይ ስሙ በድርጅቱ ስም መመዝገብ አለበት። ሠሪው ባለሙያ በራሱ ስም ካስመዘገበውና በኋላ ከተጣሉ ወይም ከጠፋ፣ ድርጅቱ በደንበኞቹ የታወቀበትን አድራሻ ሊያጣ ይችላል። የይለፍ ቃሎቹን ማን እንደሚይዝና የእድሳት ክፍያውን ማን እንደሚከፍልም በጽሑፍ ይቀመጣል።

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት ሽያጭን የሚመለከተው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ነው። የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻና የሰውነት ልክ የግል መረጃዎች ስለሆኑ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይመለከታቸዋል። ስለዚህ የማያስፈልግ መረጃ አለመጠየቅ የዕቅዱ አካል ነው።

ሙከራ

ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት በወረቀት የተሣሉት ገጾች ለጥቂት ደንበኞች ቀርበው «የዚህን ቀሚስ ዋጋ ፈልጉ» ወይም «ትእዛዝ ስጡ» ይባላሉ። ዴንማርካዊው የአጠቃቀም ባለሙያ ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጽሑፍ፣ አብዛኞቹን ችግሮች ለማግኘት 5 ሰዎች እንደሚበቁ ገልጿል። ሞካሪው መንገዱን አይጠቁምም፤ ደንበኛዋ የተደናገረችበትን ቦታ ብቻ ይመዘግባል።

በመጨረሻም ዋጋ ሲለወጥ ወይም ዕቃ ሲያልቅ ድረ ገጹን የሚያስተካክል ሰው ይሰየማል። ያለፈው ዓመት ዋጋ ያልተነሣበት ገጽ ሻጩን ከደንበኛው ጋር ያጣላል፤ ይህን የሚሠራ ሰው ከሌለም ዋጋ የማይጠቅስ አነስተኛ ድረ ገጽ ማቀድ ይሻላል።