ሂፕኖሲስ፦ የምንፈራውና ልንጠነቀቀው የሚገባን

«ሂፕኖሲስ» የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ሰዓት እያወዛወዘ የሰውን ዐይን ትኩር ብሎ የሚመለከት ሰው ነው። ከአፍዝ አደንግዝ ጋር አንድ አድርገው የሚቆጥሩትም ጥቂቶች አይደሉም። ለመሆኑ ሂፕኖሲስ የሰውን ፈቃድ ይነጥቃልን? አደጋስ አለውን? ተደጋግመው የሚነሡትን ጥያቄዎች ከዚህ ቀጥሎ በየተራ እንመለከታለን።

አነሣሡ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ፍራንዝ አንቶን ሜስመር በሰው አካል ውስጥ የማይታይ «መግነጢሳዊ ፈሳሽ» እንደሚዘዋወር፣ የዚህም መዛባት በሽታን እንደሚያመጣ ያስተምር ነበር። ዝናው በፓሪስ በመስፋፋቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ አንትዋን ላቩዋዝዬ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። በአንድ ሙከራ ዐይኑ የተሸፈነ የ12 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተመራ። «መግነጢስ» የተሰጠው አንዱ ዛፍ ብቻ ነበር፤ ልጁ ግን እዚያ ሳይደርስ ምንም ካልተደረገበት ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ኮሚሽኑም ለውጡን የሚያመጣው ፈሳሽ ሳይሆን የሰው ምናብ መሆኑን ደመደመ።

የዛሬው ስያሜ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1843 ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ብሬይድ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። መነሻውም እንቅልፍ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው። አለመግባባቱ የጀመረው ከዚህ ስያሜ ነው ማለት ይቻላል።

እንቅልፍ ነውን? ሳይነቁ መቅረትስ አለ?

ሂፕኖሲስ እንቅልፍ አይደለም። የአንጎል ሞገድ ሲለካ የሚታየው ከተኛ ሰው ይልቅ ዘና ብሎ ከነቃ ሰው ጋር ይቀራረባል። ሰውየው ይሰማል፣ ይናገራል፣ ያስባል፤ ትኩረቱ ግን በአንድ ነገር ላይ ተሰብስቧል። በመሆኑም ሳይነቁ መቅረት የሚባል አደጋ የለም። ባለሙያው በድንገት ትቶት ቢወጣ እንኳ ሰውየው ራሱ ዐይኑን ይገልጣል፣ ወይም እንቅልፍ ወስዶት እንደ ወትሮው ይነቃል።

ፈቃድን ይነጥቃልን?

ማርቲን ኦርን እና ፍሬደሪክ ኢቫንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ተሳታፊዎቹ መርዛማ እባብ እንዲይዙ፣ እጃቸውን አሲድ ውስጥ እንዲያስገቡ፣ አሲዱንም በሰው ላይ እንዲረጩ ታዘዙ፤ ጉዳት እንዳይደርስ በስውር ጥንቃቄ ተደርጎ ነበር። ሂፕኖሲስ ከተደረገላቸው 6 ሰዎች 5ቱ ትእዛዙን ፈጸሙ። ይህ ብቻውን ቢታይ ያስደነግጣል። ነገር ግን ሂፕኖሲስ ሳይደረግላቸው እንዲያስመስሉ ብቻ የተነገራቸው ሌሎች 6 ሰዎችም ሁሉም ታዘዙ! ምክንያቱ ሲጠየቁ፣ በምርምር ቦታ እንደማይጎዱ እርግጠኞች እንደነበሩ ተናገሩ። ስለዚህ ሰውን የሚያስታዝዘው የሂፕኖሲስ ምሥጢራዊ ኃይል ሳይሆን እምነት ነው። ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ ዋናው ጥያቄ «ፈቃዴን እነጠቃለሁን?» ሳይሆን «የማምነው ሰው ማን ነው?» የሚለው ነው።

የተረሳውን በትክክል ያስታውሳልን?

እውነተኛው አደጋ ጥቂት ሰው የሚፈራው ይህ ነው። የሰው ትውስታ እንደ ቴፕ ክር የተቀዳ አይደለም፤ በተጠራ ቁጥር እንደገና ይገነባል። በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ምናቡ ስለሚነቃቃ ባለሙያው የጠቆመውን ያልተፈጸመ ነገር እንደ እውነት ሊያስታውስ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ትክክል ስለመሆኑ ያለው እርግጠኝነት ማየሉ ነው። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ዘገባ በሂፕኖሲስ የተገኘ ትውስታ ከተራው ትውስታ ይበልጥ አስተማማኝ እንዳልሆነ አሳስቧል። በሐሰተኛ ትውስታ ንጹሕ ሰው ሊወነጀል፣ ቤተሰብም ሊፈርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ጥቅሙስ?

ሂፕኖሲስ በተለይ ሕመምን በማስታገስ ረገድ ጠቃሚነቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፒየር ሬንቪልና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች እጃቸውን በሚያቃጥል ውኃ ውስጥ ነክረው ሳለ፣ ስቃዩን የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ጥቆማ ይሰጣቸው ነበር። በጥቆማው ልክ የስቃዩ መጠን ከመለወጡም በላይ ከስቃይ ስሜት ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴም አብሮ ተለወጠ። በቤልጅየም የሊየዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ከ1992 ጀምሮ ሂፕኖሲስን ከአካባቢ ማደንዘዣና ከቀላል ማረጋጊያ መድኃኒት ጋር በማጣመር በሺህ የሚቆጠሩ ቀዶ ሕክምናዎች ተከናውነዋል። ሆኖም ሁሉም ሰው እኩል አይቀበለውም፤ በጣም የሚቀበሉትም ፈጽሞ የማይቀበሉትም ጥቂቶች ሲሆኑ፣ አብዛኛው ሰው በመካከል ይገኛል።

ማን ይጠንቀቅ?

ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ጭንቀት አልፎ አልፎ ሊከሰት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ቀላልና ቶሎ የሚያልፍ ነው። የሌለ ድምፅ የሚሰሙ ወይም ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ያለ ሐኪም ምክር ሊሞክሩት አይገባም። ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመምንም አስቀድሞ ሳያስመረምሩ በሂፕኖሲስ ማስታገስ ሥር የሰደደ በሽታን መሸፈን ይሆናል። አንድ ሰው ጥርስን በሂፕኖሲስ ለማከም መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም መሆን አለበት፤ ሂፕኖሲስ የሙያው መሣሪያ እንጂ ሙያው አይደለምና።

እንግዲህ ሂፕኖሲስ አስማት ስላልሆነ እንደ አስማት ልንፈራው አይገባም። ነገር ግን «ልፈውስህ» ወይም «የረሳኸውን ላስታውስህ» የሚል ሰው ሲያጋጥመን የት እንደተማረና በምን ሙያ እንደሠለጠነ መጠየቅ ይገባናል። ፈቃዳችን ከእኛው ጋር ነው፤ አመኔታችንን ግን ለማን እንደምንሰጥ እንወቅ።